ሁለቱን ኢንተርኔት ሳወዳድር

ደባርቅ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ደርቤ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነበው ቴዎፍሎስ መርዶውን ከነገረህ በኋላ ነው። ጎህ ሲቀድ እንዲመጣብህ፣ ጁባ ካሉት የአገራችን ሰዎች ሁለት ሽማግሌ እንዲያስከትል፣ አልቅሰህ እስኪወጣልህ እንዲጠብቅህ፣ ሦስት ቀን ከአጠገብህ እንዳይለይ፣ ደብዳቤውንም በሦስተኛው ቀን እንዲሰጥህ ቃል አስገብቼዋለሁ። የአክስታችን ልጅ ብዙ ነገር ይረሳል፤ አደራ ግን አይረሳም። አንድ ነገር ብቻ እንዳይነግርህ ለመንኩት፤ ቀኑን። ቀኑን እኔው ልንገረው አልኩ። አባባ የሞተው ኅዳር ሃያ አራት ቀን ነው። ስድስት ወር አልፎታል።

አሁን ወደ ኋላ ስትቆጥር ይታየኛል። ለገና ደውለህ «አባባ እንዴት ዋለ?» ስትለኝ «ዶሮውን ወዶታል» አልኩህ። ለጥምቀት ታቦት ሸኝቶ ደክሞት ተኛ አልኩህ። በፋሲካ ማግስት ደግሞ ራስህ በዓይንህ አየኸው፣ በጆሮህም ሰማኸው። እሱ ማን እንደ ነበር እነግርሃለሁ፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ መናገር አልችልበትም። «አንቺ ሰላምታሽም መቅድም አለው» ትለኝ አልነበር? ታገሠኝ።

ከዳማ፣ ከአባባ በቅሎ፣ ልጀምር። ዳማን ከሸጥካት አምስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። አባባ ለማርያም ንግሥ አገር ቤት በወረደበት ቀን በቅሎዋን ዳባት ገበያ ወስደህ ሸጥክና በዚያው በመተማ በኩል ወጣህ። አባባ ተመልሶ ሲመጣ በረቱ ባዶ ነበር። ኮርቻዋን አንስቶ አልጋው ሥር አስገባ፣ እግሩን ታጠበና ተኛ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አልነገርኩህም። የበቅሎ ሰዎች ተራ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ የሚመዘገበው ሰውየው ከነበቅሎው ነው። የውጭ አገር እንግዳ ሲመጣ ባለበቅሎው በተራው ጭኖ ወደ ተራራው ይወጣል። በቅሎ የሌለው ስሙ ከመዝገቡ ይፋቃል። አባባ ሠላሳ ዓመት ከደባርቅ ተራራው ላይ እስካለው ጨነቅ የተመላለሰበት ተራ ከዳማ ጋር አብሮ ተሸጠ። የሰው በቅሎ ነጂ ሆነ። በልጆቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች «ያርጋል፣ ነገ አንተ ትነዳልኛለህ» ይሉት ጀመር። ቆይቶ እንግዳውም ቀረ፣ እሱም ቤት ዋለ። አንተ ስትደውል ስልኩን ወደ እሱ ስዘረጋ እጁን ያወዛውዛል። «ፊቱን ሰውሮ የሄደን ልጅ፣ ድምጡን ምን ላርገው?» ይላል። እኔም ላንተ «ጆሮው ደክሟል፣ በስልክ አይሰማም» እልህ ነበር። እንግዲህ ውሸቱን የጀመርኩት ያኔ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ደውለህ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «እሌኒ፣ ውሌ እስኪያልቅ መምጣት አልችልም። ግን እዚህ የነዳጅ ካምፑ ውስጥ ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው። ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ተንበርክኬ፣ ፊቱን እያየሁ ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ካልሆነ እንቅልፍ የለኝም።» በሞባይል ዳታ ሞክረን ነበር፤ ምስልህ አፍህን እንደ ከፈትክ ቆሞ ቀረ፣ አባባም ከጎኔ አጮልቆ አይቶ «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ደነገጠ። አንተም «ቤት የሚገባ ኢንተርኔት አስገቢ» አልከኝ። «ሁለት ድርጅት አለ አሉኝ። አወዳድረሽ የሚሻለውን ንገሪኝ፤ እኔ እከፍላለሁ።»

«በአንድ ሳምንት ውስጥ» አልኩህ።

እኔን አወዳድሪ ማለት አልነበረብህም። በርበሬ ለመግዛት ገበያውን ሦስት ጊዜ የምዞር ሰው ነኝ፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ይሻል ነበር ብዬ እመለሳለሁ፣ እሱም ተሸጦ ይጠብቀኛል። አንተ በዚህ ስትስቅብኝ ነው ያደግከው። ቢሆንም አደራ ስለ ሆነብኝ ደብተር ገዛሁ።

አንደኛው ድርጅት ከምሰሶ ገመድ ስቦ ቤት የሚያስገባው ነው፤ ባለ ገመዱ እንበለው። ሁለተኛው ሲም የሚገባበት ነጭ ሳጥን ሰጥቶ ከማማው በአየር የሚልከው ነው፤ ባለ ሳጥኑ ይሁን። ስማቸውን አልጽፍም። ሁለቱም አልበደሉንም፤ የበደልኩት እኔ ነኝ። ገመዱ ስጦታ ጋ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምትሠራዋ ጓደኛዬ። ሳጥኑ አበባየሁ ፔንሲዮን ውስጥ ነበር። ሱቄን ለጎረቤት እየተውኩ አንድ ጠዋት እዚህ፣ አንድ ጠዋት እዚያ ተቀመጥኩ። ቴዎፍሎስን በቪዲዮ እየጠራሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ምስሉ ስንት ጊዜ እንደሚቆም መስመር እያሰመርኩ መዘገብኩ። በጠዋት፣ በቀትር፣ በገበያ ቀን፣ ጉም በወረደበት ቀን። ስጦታ «ለወንድምሽ ሚስት እያጨሽ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ያገኘሁት ይህ ነው። ሳጥኑ ፈጣን ነው፤ በገዛህበት ዕለት ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋም በባትሪው ጥቂት ይቆያል። ግን በገበያ ቀን ስልክ የያዘ ሁሉ ከዚያው ማማ ስለሚሻማ ይደክማል፤ ጉም ሲወርድም ይብስበታል። ገመዱ እንደ ሳጥኑ አይፈጥንም፣ ግን አይቆምም። ችግሩ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ለማስገባትም እኛ ሰፈር ምሰሶ ላይ ክፍት መስመር እስኪገኝ ወረፋ አለ። ሁለቱም ያልተገደበ ይላሉ፤ ገደቡን የምታገኘው በትንንሹ ከተጻፈው ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ በሁለተኛው ሳምንት አውቄ ጨርሼ ነበር። ሳጥኑን ልግዛ ብዬ ከቤት ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ገመዱ ሊቀንስ ነው የሚል ወሬ ሰምቼ ተመለስኩ። በአራተኛው ሳምንት ገመዱን ልመዝገብ ብዬ ሄድኩ፤ ወረፋው ላይ የቆመ ሰው ሳጥኑ ሊሻሻል፣ አዲስ ማማ ሊተከልለት ነው አለኝ፤ እንደገና ተመለስኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ሳይቸኩሉም እንደሚፈስ አላወቅሁም።

ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን አባባን ብርድ ብርድ አለው። ሳንባ ምች ነው ተባለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፈ። ደብተሬ ላይ የመጨረሻው መስመር የኅዳር ሃያ ሁለት ነው፤ «ሳጥን፣ ጠዋት፣ ጉም፣ ሰባት ጊዜ ቆመ» ይላል።

ሰልስቱ እንደ ወጣ አያ ገብረ ሚካኤል ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። ታስታውሳቸዋለህ፤ ጎረቤታችን፣ የአባባ የበቅሎ ጓደኛ፣ ደባርቅ ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚፈልጋቸው አስታራቂ። እኔን ጠርተው «ደርቤ ያለበት አገር ከእሱ ጋር የኛ ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም አያ። ካምፑ ውስጥ ሐበሻ እሱ ብቻ ነው።»

«እንግዲያማ አይነገርም» አሉ። «መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ቢወድቅ ማን ይይዘዋል? ራሱ ላይ ውሃ የሚያፈስለት ማን አለ? ወደ ከተማ ለዕረፍት የሚወጣው መች ነው?»

«ሰኔ ላይ ነው።»

«ሰኔ ድረስ ዝም ነዋ።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ። አያ ገብረ ሚካኤል የለቅሶውን ፎቶ ማንም ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ በየቤቱ ዞረው ለመኑ። አንተ ስንት ሰው ጋ ደወልክ፣ ደርቤ? ከአብሮ አደጎችህ ጋር ስታወራ አንድም ሰው አፉን አላዳለጠውም። ከተማው ሁሉ አንተን ለማትረፍ ሲል ዋሸህ። በክፋት ያደረገው የለም፤ ይህን እወቅልን።

አንተ ግን በየሳምንቱ «ኢንተርኔቱስ?» ትላለህ። ቢገባ ጥቁር ልብሴን ታያለህ፣ የተቆረጠ ፀጉሬን ታያለህ፣ ባዶውን አልጋ ታያለህ። «ገና እያወዳደርኩ ነው» አልኩህ። በባዶው መዋሸት ደግሞ አልሆነልኝም። ጥቁሬን እንደ ለበስኩ ስጦታ ጋ፣ አበባየሁ ጋ እየሄድኩ ምስሉ ሲቆም መስመር ማስመሬን ቀጠልኩ። ስጦታ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ ኋላ ዝም ብላ ወንበር ታቀርብልኝ ጀመር። ጥር ላይ የላክሁልህን ረጅም መልእክት ታስታውሳለህ? የሁለቱን ፍጥነት፣ የወረፋውን ርዝመት፣ መብራት በወር ስንት ጊዜ እንደ ጠፋ ሁሉ የጻፍኩበት። ሁሉም እውነት ነበር። የሚያይበት ሰው ብቻ ነው ያልነበረው።

አሁን የምነግርህን ለንስሐ አባቴም የነገርኩት ዘግይቼ ነው። ሽማግሌዎቹ ባይከለክሉኝም እንኳ አልነግርህም ነበር። ውሸቱን ወድጄው ነበር። እዚህ ሰው ሁሉ አባባን «ነበር» እያለ ነው የሚያነሳው። አንተ ብቻ «ምን በላ?» ትለኛለህ። «ሽሮ፤ ቃሪያ ረሳሽ ብሎ ተቆጣኝ» እልሃለሁ። ትስቃለህ። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ አባባ ጓዳ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አንድ ቀን ካንተ ጋር አውርቼ ስነሳ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ ሠርቼ አገኘሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን እንደገና ስልክህን ጠበቅሁ። አንተ ጋ ያልሞተ አባት ነበረኝ፤ እሱን ላለመቅበር ነው ያን ያህል የዘገየሁት።

ፋሲካ ሲደርስ አላስቻለህም። እኔን ትተህ ስጦታ ጋ ደወልክ። «እሌኒ እስከ ምጽአት ታወዳድራለች። የሚሻለውን አንቺ ንገሪኝ» አልካት። ልጅቱ ምን ታድርግ? «ገመዱ ይሻላል» አለችህ። ወረፋውን በሰው አስያዝክ፣ ክፍያውን ላክህ። በሕማማት ረቡዕ ሠራተኞቹ መሰላል ይዘው መጡ፤ ስጦታ ከኋላቸው እያለቀሰች መጣች።

«ምን ልበለው?» አለችኝ። «መርዶ ያልሰማን ሰው ምን ብዬ እንቢ ልበለው?»

ሠራተኛው ምሰሶው ላይ ወጥቶ ገመዱን ሲያስር ከታች ቆሜ እያየሁ መብራት በጠፋ ብዬ ተመኘሁ። አልጠፋም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ገባ። ያን ቀን ደውለህ «ሰኞ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ሦስት ሰዓት ላይ» አልከኝ። «ድንጋዩን አዘጋጅቻለሁ።»

ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል አያ ገብረ ሚካኤል ቤት ሮጥኩ። ነገሩን ነገርኳቸው።

«እሌንየ፣ ሰኔ ሩቅ አይደለም» አሉ። «እኔ እተኛለሁ። ያባትሽ አልጋ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ጀርባየን ሰጥቼ። አሞታል፣ መናገር አልቻለም በይው።»

«ኃጢአት አይሆንብንም አያ?»

«ይሆናል እንጅ። ግን ልጁ በሰው አገር ብቻውን ቢወድቅስ? እሱስ ኃጢአት አይሆንም?»

ሰኞ ጠዋት ከስጦታ ቢጫ ቀሚስ ተዋስኩ፣ ፀጉሬን በሻሽ ሸፈንኩ። ጥቁሩን ሳወልቅ አባባን ሁለተኛ የገደልኩት መሰለኝ። አያ ገብረ ሚካኤል ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ስልኩ ጠራ።

ደርቤ፣ ምስልህ አንድም ጊዜ አልቆመም። ገመዱ በእርግጥ ይሻላል። የከሳ አንገትህን አየሁት፣ ግንባርህ ላይ የወጣውን መስመር አየሁት። ድንጋዩ ትልቅ ነበር፤ ማን እንዳነሳልህ እንጃ። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከህ «አባባ» አልክ። «ዳማን ሸጥኩብህ። ተራህን ሸጥኩብህ። የሰው ነጂ አደረግሁህ። ይቅር በለኝ።» «አሞታል፣ መናገር አልቻለም» አልኩህ፤ ግን አልሰማኸኝም። «ይቅር በለኝ» እያልክ ትደጋግማለህ፤ ድንጋዩ አንገትህን ወደ ታች ይጫነዋል። እኔ አይቼ አልቻልኩም። እሳቸውም አልቻሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሲያነሱ የኖሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ልመና ሰምተው ዝም ማለት አያውቁበትም። ከጋቢው ውስጥ እጃቸው ወጣ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አውርደው ልጄ፣ አውርደው።»

ድንጋዩን ጣልከው። መሬት ላይ ተደፍተህ አለቀስክ። «እሌኒ፣ ሰማሽው?» አልከኝ። «አንቺም ሰማሽው?»

«ሰማሁ» አልኩህ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅህ ሌላ ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ እንደ ሰው ተኛሁ አልከኝ። ውሌ ሲያልቅ ለአባባ በቅሎ እገዛለሁ አልክ፤ ቀለሟ እንደ ዳማ የሆነች እንድፈልግ፣ ግን እንዳላወዳድር እየቀለድክ አዘዝከኝ። አሁን የምወስድብህ ይህን ነው። እንቅልፍህን ነው የምወስድብህ። ስለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጽፌ የቀደድኩት።

አያ ገብረ ሚካኤልም ደህና አልነበሩም። ሰው ሲያስታርቁ አይታዩም፤ ሽማግሌ ሲፈለግ አሞኛል ይላሉ። በዳግማ ትንሣኤ ሳምንት ጠዋት መጥተው በራችን ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብላቸው አልገቡም።

«እሌንየ፣ ያልሰጡኝን ሰጥቻለሁ» አሉኝ። «የሰው ይቅርታ ሰርቄ ለልጁ ሰጠሁት። ባለቤቱ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? የነፍስ አባቴ ልጁ እውነቱን ይስማ፣ በሙት አፍ ይቅርታ አይሰጥም አሉኝ። መርዶውን ስትልኪ ይህንንም ላኪለት። እኔንም ይቅር ይበለኝ በይው።»

እንግዲህ ላክሁልህ። እሳቸውን አትቀየምብኝ፤ አዝነውልህ ነው።

አሁን የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው የቀረህ። አባባ ራሱ ይቅር ብሎኝ ነበር ወይ? ትላለህ። «ብሎሃል» ብዬ ብጽፍ ማንም አይመሰክርብኝም። ካሁን ወዲያ ግን ላንተ መዋሸት አልፈልግም። ይቅር ብየዋለሁ ሲል አልሰማሁም። የሰማሁትንና ያየሁትን ልንገርህ።

ጥቅምት ላይ «ደርቤ ድንጋይ ተሸክሞ በቪዲዮ ይቅርታ ሊጠይቅህ ነው» ስለው «ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ሰዓቱ ገና አልታወቀም፣ ምናልባት ጠዋት ይሆናል አልኩት። ከማግስቱ ጀምሮ በየጠዋቱ ፊቱን ታጥቦ፣ ያ ጀርመናዊ እንግዳ የሰጠውን ጃኬት ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ ጀመር። በዓመት አንድ ጊዜ ጢሙን የሚስተካከል ሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፀጉር ቤት ሄደ። እኔ ደብተሬን ይዤ ስወጣ «ገና ነው ወይ?» ይለኛል።

«ገና ነው አባባ፤ እያወዳደርኩ ነው።»

«ካወዳደርሽስ አይቀር ደህናውን አምጭ» አለኝ አንድ ቀን። «ፊቱ እንዳይቆራረጥብኝ።»

ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው እንኳ ጃኬቱን አልብሽኝ አለ። «ዛሬ አይደለም አባባ» ብለውም አልሰማኝም፤ አለበስኩት። ሊረግም እንዲህ የሚሰናዳ ሰው እኔ አላየሁም። ግን ከአፉ አልወጣም፣ እኔም አላውቅም። ልጁ ነህ፤ አንተ ፍረድ።

እኔ ግን በራሴ ላይ ፈርጄ ጨርሻለሁ። ሳጥኑ በጉም ቀን ሰባት ጊዜ ቆመ ብዬ ተውኩት። በእነዚያ ሰባት መቆሞች መካከልኮ ፊት ይታይ ነበር፣ ደርቤ። አባባ የተቆራረጠውንም ገጣጥሞ ያየው ነበር። በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት የነበረው የማይረባ ኢንተርኔት ይበቃችሁ ነበር፤ የተሻለውን ስፈልግ ሳትተያዩ አስቀረኋችሁ። አንተ በቅሎውን ሸጥክበት፤ እኔ ስድስት ሳምንቱን ወሰድኩበት። በደል ቢመዘን የትኛው እንደሚከብድ አላውቅም፣ ማወዳደርም አልፈልግም።

ይቅርታ በደብዳቤ አልጠይቅህም። አልቅሰህ ሲወጣልህ፣ ሳምንትም ይሁን ወር፣ በቪዲዮ ደውልልኝ። ገመዱን አላስቆረጥኩትም። ጥቁሬን ለብሼ፣ ፀጉሬ እንደ ተቆረጠ፣ ከባዶው አልጋ ፊት ለፊት ድንጋዬን ተሸክሜ ተንበርክኬ ታገኘኛለህ። የምትለው ቢጠፋህ ምንም አትበለኝ፤ አውርጅው ለማለት ልብህ ካልፈቀደም አትበለኝ። ፊትህን ብቻ አሳየኝ።

እህትህ እሌኒ ያርጋል